ያልታጠፈው ማመልከቻ

ከቻይና ሹማምንት ጋር የተጣላሁት ፈረንጅ አገር፣ ሪችፊልድ፣ ልጄ ቤት፣ ምግብ የምንበላበት ጠረጴዛ ላይ ሆኜ ነው። እኔ ነጭ ሽንኩርት እልጣለሁ፤ የልጅ ልጄ ላፕቶፗን ከፍታ ከፊቴ ተቀምጣለች። ዘጠነኛ ክፍል ናት። የታሪክ አስተማሪዋ ስለ ድሮዋ ቻይና ጽፋችሁ ኑ ብላቸዋለች። ደግሞ ሌላ ነገር ጨምራለች፤ ከመጻፋችሁ በፊት ቤት ላለ ሰው በቋንቋችሁ ንገሩት፣ እሱ ከገባው እናንተም ገብቷችኋል ማለት ነው ብላለች። እናቷ ሮቢንስዴል፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ ሌሊት ሠርታ መጥታ ተኝታለች። ስለዚህ ቤት ያለ ሰው ማለት እኔ ነኝ።

አማርኛዋ እየተሰበረ ነው የሚወጣው። እዚህ ነው የተወለደችው። ቢሆንም እልኸኛ ናት፤ በዚህ እኔን ትመስላለች።

«አባባ፣ ድሮ ቻይና ኪንግ አለ። በጣም ትልቅ ኪንግ።»

«ንጉሠ ነገሥት በይ።»

«ኦኬ፣ ንጉሠ ነገሥት። እሱ ሰው ይልካል፣ ወደ ካውንቲ።»

«ወረዳ።»

«ወደ ወረዳ። ግን ሰውየው ከዛ አገር አይደለም። ሩል አለ፤ የተወለደበት ቦታ መሥራት አይችልም። ስለዚህ የሰዎቹ ቋንቋ አይገባውም።»

«ታዲያ በማን አፍ ይሠራል?»

«እሱን ልነግርህ ነው! ሰዎች አሉት። የሚጽፉ...»

«ጸሐፊዎች።»

«የሚሮጡ...»

«ተላላኪዎች።»

«በር ላይ የሚቆም...»

«በረኛ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ሁሉንም ታውቃለህ እንዴ?»

አላውቅም፤ ስለ ቻይና የማውቀው የዶላር መደብሩን ዕቃ ብቻ ነው። ግን ቀጥሎ ምን እንደምትል ገና አፏን ሳትከፍት ይመጣልኝ ነበር። ሹሙ ቢበዛ ሦስት ዓመት ተቀምጦ ይሄዳል፤ ጸሐፊውና በረኛው ግን አይሄዱም አለችኝ። ደሞዛቸው የረባ አይደለም፤ የሚኖሩት ከባለጉዳይ በሚቀበሉት ነው አለችኝ። የተበደለ ሰው በሩ ላይ የተሰቀለውን ከበሮ መምታት ይችላል፤ ግን ከበሮው ዘንድ ለመድረስ በረኛውን ማለፍ አለበት። ለበረኛው ያልሰጠ ሰው ማመልከቻው አይገባም። ተፈርዶበት የሚገረፍ ሰው እንኳ ለገራፊው ከሰጠ በቀስታ ነው የሚያርፍበት፤ ካልሰጠ በኃይል።

ነጩን ሽንኩርት ጣልኩና ጠረጴዛውን መታሁት። «ሌቦች! እነዚህን ነበር ሰብስቦ ማሰር!»

ልጄ ከመኝታ ቤት ድምፄን ሰምታ ወጣች። ሻሿ ተፈቷል። «አባዬ፣ ማንን ነው የምታስረው?»

«ቻይናዎችን።»

«ቀስ በል እንጂ! ታች ያሉት ሰዎችኮ ቻይና ናቸው።»

ልጅቷ ሳቀች። እናቷም ስቃ ተመልሳ ተኛች። እኔም ሳቅሁ፤ አልዋሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ደግ ሰው ሆኜ መቆጣት ያስደስታል።

ከዚያ የአስተማሪዋ የመጨረሻ ጥያቄ መጣች። በናንተ አገር እንዲህ ያለ ነገር ነበር ወይ ብላችሁ ቤተሰብ ጠይቁ የምትል ናት።

«ነበር» አልኳት። «እኔ ራሴ በረኛ ነበርኩ።»

«ኖ ዌይ! እንደዚህኛው?»

«እንደዚህኛው። የአውራጃ ግዛት በር ላይ። በንጉሡ ጊዜ።»

«ሰው ስጦታ ይሰጥሃል?»

«ይሰጡኛል። አንድም ቀን አልተቀበልኩም።»

እንዲህ ነው ያልኳት። ሳላስብ አይደለም፤ ለእናቷም ከልጅነቷ ጀምሮ ያልኩት ይህንኑ ነው። አፌ መንገዱን ያውቀዋል። ልጅቷ ቁልፉን እየመታች ጻፈችው። ምን እንዳለች ልይ ብዬ አንገቴን አሰገግሁ፤ እንግሊዝኛ ስለሆነ አልገባኝም። ከሥሩ ግን መስመር አሰመረችበት።

እንግዲህ እውነቱን ልጻፈው። አጻጻፌ ደህና አይደለም፤ ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ቢሆንም ይነበባል።

ያን በር ያገኘሁት አባቴ ለዋናው ጸሐፊ የሰባ በግ ወስዶለት ነው። ከተማው ወሎ ውስጥ ነው፤ ስሙን አልጠራም፣ ሰዎች አሉ። ገዢው ከሌላ አገር ተሹሞ የመጣ ነው፤ የቆላውን ሰው አነጋገር አይሰማም ነበር። ይህንንም ከቻይናው ጋር አንድ ያደረገው ማን እንደሆነ እንጃ። ጠዋት ጠዋት ባለጉዳይ ከአጥሩ ውጭ ይሰለፋል። እኛ ከበሮ አልነበረንም። የተበደለ ሰው «አቤት! አቤት!» እያለ ይጮኻል። የእኔ ሥራ ዝም ማሰኘት ነው። «ዝም በሉ፣ ገዢው ስብሰባ ላይ ናቸው!» እላለሁ። ስብሰባ የሚባል ነገር አልነበረም። ቁርስ ላይ ነበሩ።

ማመልከቻዎቹን ሰብስቤ ለጸሐፊው የማስገባው እኔ ነኝ። ማንበብ አልችልም። የትኛው ወረቀት የማን እንደሆነ በምን ለይቼ ልወቅ? አንድ ዘዴ አመጣሁ። እንቁላል፣ ቅቤ፣ ዶሮ፣ ምንም ይሁን፣ አንድ ነገር ይዞ የመጣን ሰው ወረቀት ከቀኝ ጫፉ በአውራ ጣቴ እጥፍ አደርገዋለሁ። ያላመጣውን እንዳለ እተወዋለሁ። የታጠፈው ከላይ ይሆናል፣ ያልታጠፈው ከሥር። ጸሐፊው እጥፏን አይቶ ይገባዋል። ማታ ከመጣው ነገር ግማሹን ለእሱ ቤት አደርሳለሁ። ማንም እንዲህ አድርግ ብሎ አላዘዘኝም። እኔ ነኝ ያመጣሁት። ጸሐፊው አንድ ቀን ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «አንተ ያልተማርክ መሆንህ ነው የሚያሳዝነኝ» ብሎኛል። ምስጋና መስሎኝ ደስ አለኝ።

በአንድ ክረምት መውጫ ላይ አንዲት ሴት መጣች። ባሏ ሞቶባታል። የባሏ ወንድም መሬቷን አርሶባታል። ወረዳ ላይ ተፈርዶባት ይግባኝ ልትል ነው ወደ እኛ የመጣችው። ቤቷ ከቆላው ነው፤ ጎህ ሳይቀድ ተነስታ ነው ረፋድ ላይ የምትደርስ። ወረቀቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ነበር።

«ምን ይዘሽ መጣሽ?» አልኳት።

«ወረቀቴን፣ ጌታው።»

«ወረቀቱንማ አየሁት። ሌላ ምን ይዘሻል?»

«ሌላማ እሱ የያዘው መሬት ነው።»

ጥያቄዬ ያልገባት መስሎኝ ነበር። በኋላ ሳስበው ገብቷታል። ወረቀቷን ተቀብዬ ሳላጥፍ ከሥር አደረግሁት።

በሳምንቱ፣ በገበያ ቀን፣ ተመልሳ መጣች። ከዘብ ቤቱ ጎን እንስራ ነበረኝ፤ ባዶ ነበር። ምንም ሳትለኝ እንስራውን አዘለች። ምንጩ ከታች፣ ከገደሉ ሥር ነው። ሞልታ አምጥታ ከበሩ ጎን አስቀመጠችልኝና ዳር ላይ ቆመች። አምጪ አላልኳትም። ተይም አላልኳትም። ከዚያ ወዲያ በመጣች ቁጥር አቤት ከማለቷ በፊት ውሃ ትቀዳለች። እኔም እንስራው ባዶ የሚሆንበትን ቀን እያወቅሁ መጠበቅ ጀመርኩ። አንድ ቀን ዘግይታ ስትመጣ ተቆጥቻታለሁ። «ዛሬ በጥም ልትገድይን ነው?» አልኳት።

«አፉ በሉኝ፣ ጌታው። ልጄን አሞብኝ ነው።»

በዚያ ውሃ ውዱእ አደርግ ነበር። እጄን፣ አፌን፣ ፊቴን፣ እስከ ክርኔ፣ እግሬን ታጥቤበት ወደ ቂብላ ዞሬ እሰግድ ነበር። እሷ ቆማ ታየኛለች። ይህንን ጽፌ ብዕሬን ብዙ ጊዜ አስቀምጫለሁ።

ውሃ እንቁላል አይደለም። ውሃ ግማሹን ለጸሐፊው አይወስዱለትም። ስለዚህ ወረቀቷን አላጠፍኩትም።

ይግባኝ ቀን አለው። ቀኑ ካለፈ ገዢው ማመልከቻውን አያይም። እሷ ይህንን አታውቅም። እኔ አውቅ ነበር፤ ስንቱ ሰው «ቀንህ አልፏል» ተብሎ ሲመለስ በሩ ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ። እያወቅሁ ነው ሳምንት በሳምንት ላይ ያለፈው።

ከዕለታት አንድ ቀን ገዢው ራሳቸው ወደ ጸሐፊው ክፍል ገብተው ከሥር ያለውን ወረቀት ሁሉ አምጣ አሉ። ክፍሉ ከበሩ ጎን ስለሆነ ይሰማል። የእሷን አነሱ። «ይኼ ቀኑ አልፏል። የት ቆይቶ ነው?» አሉ። ጸሐፊው በመስኮት እኔን አየኝ።

«ዛሬ ነው ያመጣችው» አልኩ።

ሴትዮዋ ከኋላዬ ነበረች። አሁን ከምንጭ መመለሷ ነው፤ እንስራው ከጀርባዋ አልወረደም። ያልኩትን ሰማች። ዞር ብዬ አየኋት። አልጮኸችም፣ አቤትም አላለችም። ጎንበስ አለችና እንስራውን ከቦታው ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው፤ አንድ ጠብታ አላፈሰሰችም። መቀነቷን አጠበቀች። ሄደች። እንስራው ሙሉ ነበር። የአስር ሰላት ሲደርስ ውዱእ አደረግሁበት።

እንግዲህ ሪችፊልድ ልጅቷ መስመር ያሰመረችበት ሰውዬ ይኸው ነው።

ጽሑፉን አስተማሪዋ ወደደችው። ትምህርት ቤቱ ወላጆች የሚጠሩበት ዝግጅት አለው፤ ከክፍሉ አምስት ልጆች ቆመው እንዲያነቡ ተመርጠዋል፣ አንዷ የእኛዋ ናት። ቤቱ በአንድ ጊዜ ሠርግ ቤት ሆነ። ልጄ ኮቴን ላውንደሪ ወሰደችው። ክሪስታል የሚባል ከተማ ላለችው ጓደኛዋ ደውላ «አባቴ የመንግሥት በር ላይ ቆሞ አንድ እንቁላል አልነካም እኮ» ስትል ሰማኋት። ቤት ውስጥ መደበቂያ አጣሁ፤ ሁለት ክፍል ነው።

«እኔ አልሄድም» አልኩ።

«ምን ሆነህ?»

«ጉልበቴን ያመኛል።»

«ትናንት እስከ ሐላል ሱቁ በእግርህ ሄደህ መጥተህ የለም?»

«ትናንት ትናንት ነው።»

«አባዬ፣ በረኛው ራሱ ከሌለ ምኑን ታሪክ ሆነ?» አለችና ሳቀች።

እኔ አንድ ጊዜ የተናገርኩትን የማልመልስ ሰው ነኝ። በዚህም የሚያውቁኝ ያሙኛል። ጉልበቴ ላይ ልጸና ወስኜ ነበር። በዝግጅቱ ቀን ግን ለአስር ሰላት መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፈትኩ። እዚህ አገር ውሃው ራሱ ይመጣል፤ ማንም አያዝለውም። ሰባት ዓመት በዚያ ቧንቧ ውዱእ ሳደርግ አልፎ አልፎ ሴትዮዋ ትዝ ትለኝና ቶሎ ብዬ አባርራታለሁ። የዚያን ቀን አልሄድ አለች። ክርኔ ላይ ስደርስ ውሃውን ዘጋሁት። ሳልጨርስ ወጣሁ።

ልጅቷ ጠረጴዛው ላይ ጽሑፏን እየተለማመደች ነበር። እናቷ ሱቅ ወርዳለች።

«ያንን ወረቀትሽን አስቀምጪና ስሚኝ።»

«አባባ፣ ቢዚ ነኝ።»

«ቢዚ ሁኚ። ስሚኝ።»

ነገርኳት። በአጭሩ ልጨርሰው ፈልጌ ነበር፤ አልሆነም፤ ያልገባትን ቃል እያስቆመች ትጠይቀኛለች። እንስራ ምንድን ነው? ይግባኝ ምንድን ነው? መሬት አረሰባት ማለት ወሰደባት ማለት ነው? አንዱንም ዘልዬ ማለፍ አልቻልኩም። አንድ ወረቀት ከላፕቶፗ አጠገብ አነሳሁና ጫፉን እንዴት እንደማጥፍ በአውራ ጣቴ አሳየኋት። ጣቴ አልረሳውም፤ አንዴ ብቻ ነው ሸርተት የሚያደርገው። እያየች መጀመሪያ ፈገግ አለች፣ ጨዋታ መስሏት። ከዚያ ፈገግታው ከፊቷ ወረደ።

«ግን... አንተ አልተቀበልኩም ብለኸኛል።»

«ዋሽቻለሁ።»

«ማሚስ?»

«ለእናትሽም ዋሽቻለሁ።»

እኔ ቁጣ እየጠበቅሁ ነበር። እንግሊዝኛ ይወርድብኛል፣ አይገባኝም፣ በዚያው ያልፋል ብዬ ነበር። እሷ ግን በቀስታ፣ «ስሟ ማን ነው?» አለችኝ።

«የማን?»

«የሴትዮዋ።»

«አላውቀውም። ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ነበር፤ እኔ ማንበብ አልችልም ነበር።»

«መጠየቅ ትችል ነበር።»

ያለ ስብራት፣ ጥርት ባለ አማርኛ ነው ያለችው። እንዲህ አስተካክላ ስትናገር ከዚያ በፊት ሰምቻት አላውቅም። ላፕቶፗን ይዛ ክፍሏ ገባችና በሩን ዘጋች። እኔ ከበሩ ውጭ ቆምኩ። ላንኳኳ እጄን አነሳሁ፤ መልሼ አወረድኩት። ከበር ውጭ መቆም ምን እንደሚመስል በሰባ ዓመቴ ያኔ አወቅሁ ብል ማጋነን አይሆንም። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ተመልሼ ከእጄ ጀምሬ እንደገና ታጠብኩ። ሰገድኩ። ተቀባይነት ያግኝ አያግኝ እኔ አላውቅም።

ሄድኩ። ኮቴን ለብሼ ሄድኩ። ልጅቷ በመኪና ውስጥ አላናገረችኝም። እናቷ ልጅቷ ለማንበብ የፈራች መስሏታል፤ «አይዞሽ» ትላታለች። ምን ልታነብ እንደሆነ አላውቅም። መስመር የተሰመረበትን ልታነበው ትችላለች። ልትተወውም ትችላለች። ሳልጠይቃት ደረስን።

አዳራሹ ሞልቷል። የሶማሌው፣ የሐበሻው፣ የሩቅ ምሥራቁ የሞንግ፣ የፈረንጁ ወላጅ ሁሉ ስልኩን አንስቶ ይቀርጻል። የእኛዋ ሦስተኛ ነበረች። ማይኩን ዝቅ አደረገችና ጀመረች። እንግሊዝኛዬ ለአውቶቡስና ለፋርማሲ ብቻ ነው የሚበቃው። ቻይና ስትል ገባኝ። ብዙ ቆየች። ከዚያ «አባባ» አለች፤ በአማርኛ፣ እንግሊዝኛው መሐል። ልጄ እጄን ጨበጠችኝ፤ አሁን እኔን ልታመሰግን ነው ብላ። እኔ ጆሮዬን ሰጥቼ የምጠብቀው አንድ ቃል ነበር። መጣ። «ዋተር» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግማ «ዋተር» አለች።

የልጄ እጅ ከእጄ ላይ ተነሳ። ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

አንገቴን ደፋሁ። የጫማዬን ክር ነበር የማየው። አዳራሹ አጨበጨበ። ለማን እንደሚጨበጨብ አውቄ ለእሷ አጨበጨብኩ። አስተማሪዋ መጥታ እጄን በሁለት እጇ ይዛ አንድ ነገር አለችኝ። ፊቷ ደግ ነበር። ያለችውን ልጄ አልተረጎመችልኝም፤ እኔም ተርጉሚልኝ አላልኩም።

ወደ መኪናው ስንሄድ ልጄ ከፊት ከፊት ነበር የምትሄደው። ገባን። ሞተሩን አስነሳችና ሳትነዳ ቆየች።

«ለሰው ሁሉ የምናገረው ምን እንደሆነ ታውቃለህ?» አለችኝ፤ መስታወቱን እያየች።

«አውቃለሁ።»

«ሥራ ቦታ ሳይቀር። ሱፐርቫይዘሬ ዘመዷን ከወረፋ ውጭ አስገቢ ስትለኝ፣ እኔ የዚያ ሰውዬ ልጅ ነኝ ብዬ እምቢ ብያለሁ። አንተ ነህ እንደዛ ያልከኝ።»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን ለእኔ ሳትነግረኝ ለሷ?»

መልስ ነበረኝ። ልጅቷ ስለ ጠየቀችኝ ልል ነበር፤ አንቺ ጠይቀሽኝ አታውቂም ልል ነበር። ያ ደግሞ ጥፋቱን ወደ እሷ ማሻገር ነው፤ «ዛሬ ነው ያመጣችው» ከማለት አይለይም። ስለዚህ ተውኩት። ልጄ በእጇ ጀርባ ዓይኗን ጠረገችና ማርሹን አስገባች። መኪናው ገና ሳይንቀሳቀስ ጢጥ፣ ጢጥ የሚል ድምፅ መጣ፤ አላቆም አለ።

ልጅቷ ከኋላ ወንበር ወደ ፊት ዘንበል አለች። ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ያናገረችኝ።

«አባባ፣ ቀበቶህ።»

አሰርኩ። ልጄ ነዳችው።